ድርቆሽ ስል የትኛውን ነው? የቤት ጥንቸልን በጎጃም መመገብ

አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ማለት ነበረብኝ። ጥንቸሎቼን ለቤት አከራዬ አደራ ሰጠሁ። «እማማ፣ ውኃቸውን ይቀይሩልኝ። ድርቆሽ ደግሞ እንዳያልቅባቸው» አልኳቸው። «በል በሰላም ግባ ልጄ፣ የድርቆሽ ነገር ለእኔ ተወው» አሉኝ።

ስመለስ ወንዱ ጥንቸሌ ቡሬ ጥግ ይዞ ኩርምት ብሏል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጥርሱን ያፋጫል። ሣህኑን ሳየው የተቆራረሰ ደረቅ እንጀራ እስከ አፉ ሞልቷል። እኔ የሣሩን ድርቆሽ ስል እሳቸው የእንጀራውን ሰምተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሰው አደራ ሲሰጥ እንዲህ ተዝረክርኮ አይወራም።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። በሁለተኛው ቀን በጠጥ ጣለ። በጠጥ አይቼ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ስሙ የበሬ ቢመስልም ቡሬ ጥንቸል ነው። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ስለሆነ ነው። ሴቷ ዳማ ትባላለች። እኛ ዘንድ ጥንቸል ስለማይበላ «ለመሆኑ ምን ይሠራልሃል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ምንም አይሠራልኝም። ማታ ቁጭ ብዬ ሣር ሲቆረጥሙ መስማት ደስ ይለኛል፣ በቃ። ግን እነሱን ማብላት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ እንደሚፈራውም ከባድ አይደለም። እኔ የምከተለውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሆዷን እወቁ

ጥንቸል የገዛ ሰው በዚያው ቀን ካሮት ይገዛል። በካርቱን ያየው እሱን ነዋ። ካሮት ለጥንቸል ከረሜላ ነው። ዋና ምግቧ ሣር ነው፤ በቀን ከምትበላው ከአሥር እጅ ስምንቱ ሣር ወይም የሣር ድርቆሽ መሆን አለበት።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጥርሷ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። የፊቶቹ ብቻ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። ለስላሳ ነገር ብቻ የምትበላ ጥንቸል ጥርሷ ይንጋደድና ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ከዚያ ርቧት እያለ መብላት ያቅታታል።

ሁለተኛው አንጀቷ ነው። ላም ሣሩን የምታብላላው ከፊት፣ በጨጓራዋ ነው። ጥንቸል ግን የምታብላላው ከኋላ፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ትልቅ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩን ያብላሉላታል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ በቆሎና ስኳር ነገር ሲገባ ግን የማይፈለጉት ይበዙና ሆዷ በጋዝ ይነፋል። የከፋው ደግሞ ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። አንዴ የገባ ነገር መውጫው በኋላ በኩል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ስታዩ እንዳትደነግጡ። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ኩስ ትጥላለች። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ድቡልቡል ደረቅ በጠጥ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው። ይህንን በአፏ ከመውጫው ላይ ተቀብላ ትውጠዋለች። ቆሻሻ ስለሆነች አይደለም። ዕውር አንጀቷ ውስጥ የተሠራው ፕሮቲንና ቢ ቫይታሚን ያለው እሱ ውስጥ ነው። ላም ታመሰኳለች፣ ጥንቸል በዚህ ትተካዋለች። ተዉአት ትብላ።

አሁን መዝኑ

መጠን የሚወሰነው በኪሎ ስለሆነ ሳትመዝኑ አትጀምሩ። እኔ ቡሬን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ሰፈራችን ያለ ሱቅ ወሰድኩት፣ ስኳር በሚመዘንበት ሚዛን። ባለሱቁ «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። የካርቶኑን ስቀንስ 2 ኪሎ ተኩል ወጣ። በየሁለት ሳምንቱ መድገም ይበቃል።

ሚዛን ከሌለ እጃችሁን ጀርባዋና ጎኗ ላይ አሳልፉ። የጎድን አጥንቷ በስስ ጨርቅ ሥር እንዳለ ሆኖ ከተሰማችሁ ጥሩ ናት። ከቆረቆራችሁ ከስታለች። ጭራሽ ካልተሰማችሁ ወፍራለች። ወፍራም ጥንቸል ጎንበስ ብላ ያንን ለስላሳውን ኩስ መቀበል ስለማትችል ከኋላዋ ተለጥፎ ይቀርና ዝንብ ይጠራባታል።

ድርቆሹ፤ ማለትም የሣሩ

ጎጃም ውስጥ ሆኖ ድርቆሽ አጣሁ የሚል ሰው አልገባኝም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሣር መሬት ባለበት ሁሉ ማጭድ አያርፍም። የዓመቱን ያኔ ግዙ። በግንቦት ስትፈልጉ ዋጋውም ይወደዳል፣ ያለውም ግንድ ግንዱ ብቻ ነው።

ሸክሙን ከላይ አይታችሁ አትመኑ። ከላይ ሁሌም ያምራል። እጃችሁን ወደ መሃል አስገቡና አንድ ጭብጥ ሳቡ። መልኩ አረንጓዴነት የቀረው ይሁን። ቡናማ ከሆነ ዝናብ መትቶታል ወይ ፀሐይ ላይ ከልክ በላይ ቆይቷል። አሽትቱት፤ ጥሩው የሻይ ቅጠል ዓይነት ሽታ አለው። ከዚያ ጭብጡን ፀሐይ ላይ አራግፉት። ነጭ ብናኝ ብን ካለ ሻግቷል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱት፤ ሻጋታ የጥንቸልን ሳንባም አንጀትም ይጎዳል። በመጨረሻ ቅጠሉንና ግንዱን እዩ። ዘሩን ያራገፈ ሣር ግንዱ ጠንክሯል፣ ምግብነቱም ቀንሷል። አበባ ሲያወጣ የታጨደው ይሻላል።

አንድ ጊዜ እንዲህ መሃል መሃሉን ስጎለጉል ሻጩ ገበሬ አየኝና «ስንት ከብት አለህ ወንድሜ?» አለኝ። «ሁለት ጥንቸል» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ራሱ ከሥር ያለውን ሸክም አወጣልኝ። «ለሷማ ይሄ ለስላሳው ነው» አለ። ትክክል ነበር።

በቀን ስንት ትሰጧታላችሁ? ጥንቸሏን የሚያህል ክምር። ቀልድ አይደለም፤ የራሷን አካል የሚያህል፣ በየቀኑ። ካለቀ ጨምሩ። በድርቆሽ የወፈረች ጥንቸል አላየሁም። መሬት ላይ ከበተናችሁት ትሸናበታለች፣ ከዚያ አትነካውም። እኔ ከእንጅባራ በኩል ከመጣ ቀርከሃ ትንሽ መደርደሪያ አሠርቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ከፍታው አንገቷን ትንሽ ቀና አድርጋ እንድትስብ ነው።

የጤፍ ጭድ ይሆናል ወይ? ለማደባለቅ ይሆናል። ከስንዴና ከገብስ ጭድ ለስላሳ ነው፣ ይበሉታልም። ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ ለብቻው አያኖርም። የስንዴውን ጭድ መኝታ አድርጉት።

አቀማመጡም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የክረምቱን እርጥበት ታውቁታላችሁ። ድርቆሹ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይሁን፣ ነፋስ ያግኘው። ማዳበሪያ ውስጥ የምታኖሩ ከሆነ አፉን አትቋጥሩት። ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው እንግዲህ። እውነተኛ ማዳበሪያ የነበረበትን ጆንያ ግን ብታጥቡትም አትጠቀሙበት።

እርጥብ ሣርና ቅጠል

በክረምት እርጥብ ሣር ሞልቶ እያለ ድርቆሽ ብቻ መስጠት ስስት ነው። ሰርዶ በጣም ይወዳሉ። ደሾ ሣርም ጥሩ ነው። የዝሆን ሣር ከሆነ ለጋውን ቆራርጡት፣ ያረጀው ጠርዙ ይቆርጣል። ሁሉም ግን ጤዛው ወይም ዝናቡ ጠፈፍ ሲልለት ነው የሚሰጠው። የታጨደ ሣር ተከምሮ ከሞቀ ጣሉት።

ማገጥ በሚባለው የሜዳ ሣር ላይ ተጠንቀቁ። በመስከረም ሜዳው ሁሉ ማገጥ ሲሆን ልጆች እቅፍ አድርገው ያመጣሉ። ላምን የሚነፋ ሣር ጥንቸልንም ይነፋል። አንድ ጭብጥ ከሌላ ሣር ጋር ተቀላቅሎ ችግር የለውም። እቅፉን ሙሉ ግን አይሆንም።

ከሣሩ ሌላ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ኩባያ የተከተፈ ቅጠል ስጡ። ቡሬ 2 ኪሎ ተኩል ስለሆነ ሁለት ኩባያ ተኩል ይደርሰዋል። ጠዋትና ማታ እከፍለዋለሁ፤ ጥንቸል ዋና የመብያ ሰዓቷ ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ይቀላቀል፣ አንዱን ብቻ አታዘውትሩ።

ይህ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ካሮት የሚሸጡ ሴቶች ቅጠሉን ቆርጠው ይጥሉታል። «እትዬ፣ ቅጠሉን ልውሰደው?» ስላቸው «ውሰደው፣ ምነው ፍየል ገዛህ?» ይሉኛል። የካሮት ቅጠል ከካሮቱ ይበልጣል። የስኳር ድንች ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሰላጣ ሁሉም ይሆናሉ። የሐበሻ ጎመን ጥሩ ነው፤ ግን በየቀኑ አይሁን። ጥቅል ጎመን ሆድ ይነፋል፣ ጥቂት ብቻ። ቆስጣና የቀይ ሥር ቅጠል በሳምንት አንዴ ይበቃቸዋል። ቀይ ሥር ከሰጣችሁ በማግስቱ ሽንቷ ቀይ ሊሆን ይችላል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ደም መስሎኝ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር።

ካሮቱስ? አንድ ቀጭን ቁራጭ፣ በሳምንት ሁለቴ። ሙዝና ማንጎም እንደዚያው፣ በጣት ጫፍ ልክ። ቁራጯ ከእጃችሁ ስትቀበል እናንተን እንድትለምድ ትረዳለች፣ ከዚያ በላይ ጥቅም የላትም።

ፈጽሞ የማይሰጥ ደግሞ አለ። አቮካዶ፣ ፍሬውም ቅጠሉም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት። የድንችና የቲማቲም ቅጠል። ጥሬ ባቄላና አደንጓሬ። ጥሬ ግብጦም፣ ያ መራራው መርዝ ነው፤ ሰው ራሱ ቆልቶ፣ ዘፍዝፎ፣ ውኃ ቀያይሮ ነው የሚበላው። ከአጥርና ከጓሮ ጉሎ፣ እንዶድ፣ የወፍ ቆሎና አጤ ፋሪስ እንዳይገቡ። ባሕር ዛፍም ይቅር። ቸኮሌት ከረሜላ የሚሉ ልጆች ካሉ እጃቸውን ያዙ።

ሣሩን ከየት እንዳጨዳችሁም አስቡ። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ከተረጨበት የጤፍ ማሳ የተነቀለ አረም ነፃ ስለሆነ ብቻ አይወሰድም። የመኪና መንገድ ዳርም አይሁን። የገበያ ቅጠል በደንብ ይታጠብ፣ ይጠፈፍ።

ፉሩሽካና ፋጉሎ

ለጥንቸል ተብሎ የተዘጋጀ መኖ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙ ሰው የዶሮ መኖ ይሰጣል። ይህንን አታድርጉ። እህል ይበዛበታል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዳንዱ የዶሮ መኖ ውስጥ ለዶሮ በሽታ መከላከያ የሚጨመር መድኃኒት ጥንቸልን ይገድላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አራት እጅ የስንዴ ፉሩሽካ፣ አንድ እጅ ተወቅጦ የላመ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው። ኑግ በእኛ በኩል ስለማይጠፋ ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያ ቤት ይገኛል። ትኩስ የተጨመቀውን ጠይቁ፤ የቆየው ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። ውኃ ጠብ አድርጌ እጅ ላይ እስኪጨበጥ ድረስ አርሰዋለሁ፤ ደረቁን ከሰጠኋቸው ብናኙ ያስነጥሳቸዋል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማታ። በማግስቱ ሣህኑ ላይ የቀረ ካለ ይጣላል።

ለማትወልድ ትልቅ ጥንቸል ከዚህ አይበልጥም። ድርቆሹ ጥሩ ከሆነ ጭራሽ ቢቀርም አትሞትም። ማንኪያዋን ካበዛችሁ መጀመሪያ የሚታየው ለስላሳው ኩስ ሳይበላ ወለሉ ላይ መቅረቱ ነው። ጠግባለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ለሳምንት ፉሩሽካውን አቁሙ።

አተላ ለላም ይሁን። አሞሌም አያስፈልግም።

አልፋልፋ፣ ትሪሉሰርንና ሰስባኒያ የሚባሉት የመኖ ተክሎች ያሏቸው ሰዎች ደግሞ «ጥሩ መኖ ነው» ብለው በየቀኑ ይሰጣሉ። ጥሩ ነው፤ ለሚያድግና ለምታጠባ። ግን ካልሲየም ይበዛበታል። ጥንቸል ከምግቧ ውስጥ ያለውን ካልሲየም እንዳለ ትስበዋለች፣ ትርፉን በኩላሊት ታስወጣለች። ለትልቋ ሲበዛባት ሽንቷ ኖራ የተበጠበጠበት ይመስላል፣ ቀጥሎ ጠጠር ይሆናል። ከስድስት ወር በላይ ለሆናት በሳምንት ሁለት ጭብጥ ይበቃታል።

ውኃ

በኪሎ በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፣ በሙቀት ከዚያም በላይ። ከበድ ያለ የሸክላ ሣህን ስጧት፤ ቀላሉን ፕላስቲክ በጥርሷ አንስታ ትገለብጠዋለች። በየጠዋቱ ይታጠብ። ውኃ ያጣች ጥንቸል ድርቆሽ መብላት ታቆማለች፣ አንጀቷም ይቆማል። ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ ብዙ አያሰጋንም። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ይልቁንም ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ያላችሁ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይም እዩላት።

ምግብ ስትቀይሩ

በአንድ ቀን አይቀየርም። ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲለመልም ብዙ ጥንቸል የሚሞተው በዚህ ነው፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ድርቆሹን ትቶ እርጥቡን ይቆልላል። መጀመሪያ ቀን አንድ ጭብጥ ብቻ። በጠጧ ካልተለወጠ በሦስተኛው ቀን ሁለት። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ወደ ሙሉው ትደርሳላችሁ። አዲስ ቅጠልም አንድ በአንድ ነው፤ ሦስቱን አንዴ ሰጥታችሁ ብትታመም ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ለእናትና ለግልገሎች

ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ነው። ከወለደች በኋላ ፉሩሽካውን በየጥቂት ቀኑ እየጨመርኩ እስከ ሦስት እጥፍ አደርሰዋለሁ። አልፋልፋም የሚያዋጣው ያኔ ነው። ውኃ ደግሞ ሳይቆጠር።

ዳማ የወለደች ጊዜ እማማ «ይህች ጨካኝ፣ ልጆቿን አታጠባም!» ብለው ተቆጡ። ታጠባለች። ግን በቀን አንዴ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ወይም ጎሕ ሲቀድ። ቀን ቀን ወደ ጎጆው ድርሽ አትልም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ጠዋት የግልገሎቹን ሆድ እዩ። ድቡልቡል ካለ ጠግበዋል። የላም ወተት ይዛችሁ አትሩጡ።

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ድርቆሽ መለቃቀም ይጀምራሉ። ለስላሳውን ቅጠላማ ድርቆሽ በሚደርሱበት ቦታ አድርጉላቸው። ጡት እስኪተዉ፣ ማለትም እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ፣ ጎመንና ፍራፍሬ አይቅመሱ።

በየጠዋቱ በጠጥ እዩ

የምግቡ ልክነት የሚታወቀው እዚህ ነው። ጤነኛ በጠጥ ሽምብራ ያህላል፣ ይደርቃል፣ ሲሰብሩት የሣር ስብርባሪ ይታይበታል፣ በቀንም በመቶዎች ይቆጠራል። ካነሰና ከጠቆረ ድርቆሽ ወይም ውኃ ጎድሏል። በፀጉር ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ከተንጠለጠለ ፀጉሯ እየረገፈ እየዋጠችው ነውና አበጥሯት፣ ድርቆሽ ጨምሩ።

ለግማሽ ቀን ምንም ካልበላች፣ በጠጥም ካልጣለች አትጠብቁ። ነገ ይሻላታል የሚባል ነገር በጥንቸል አይሠራም። ሞቅ ያለ ቦታ አድርጓት፣ ውኃ አቅርቡላት፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱ። ቡሬ የታመመ ጊዜ አንዱ ጎረቤት አረቄ በጠብታ አዘዘልኝ። አረቄውን ለራሱ ይጠጣው። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም እንዳትሰጡ። በአፍ ሲሰጣት የአንጀቷን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይፈጅና ጥንቸሏን ይገድላል።

አደራ ስትሰጡ

አሁን ከከተማ ስወጣ የየቀኑን ለየብቻ እቋጥራለሁ። የፉሩሽካውን በትናንሽ ፌስታል፣ የሣሩን በሦስት ጆንያ። ቅጠል አልተውም፣ ለሦስት ቀን ቢቀርባቸው ምንም አይሆኑም። ሣህናቸው ውስጥ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳይገባ በቃል እናገራለሁ። የሐኪሙን ስልክ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ጆንያዎቹ ላይ ደግሞ በትልቁ «ሣር» ብዬ ጽፌያለሁ። እማማ መነጽር ካላደረጉ አያነቡም። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት አንዱን ከፍተው በእጃቸው ዘግነው ያዩታል። «ይሄ የጥንቸሉ ነው፤ የሰውየው ድርቆሽ ጓዳ ነው» ይሉኛል እየሳቁ።